ቱርክ ገጠር የኖራችሁ፦ የመንደሩን ሰው እንዲህ ያደረገው ምንድን ነው?

ሰላም ቤተሰብ። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ ከላይ እስከ ታች ማንበብ አድካሚ ሆኗል። ስለዚህ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ የተባለውን በቁጥሩ ቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፣ በራሴ አባባል ነው። ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የለጠፍኩት ሐሳብ ይህ ነበር። የተማርኩት መሀል ቱርክ ባለችው ኮንያ ነው። የክፍል ጓደኛዬ ከከተማው ራቅ ያለ መንደር ልጅ ስለሆነ ለበዓልም ለእርሻ ሥራም እየወሰደኝ ቤተሰቦቹ እንደ ልጃቸው ይዘውኛል። እኛ አገር ቱርክን የምናውቃት በቃና ድራማ ነው። ቦስፎረስ ዳር የተሠራ ትልቅ ቤት፣ ሀብታም ቤተሰብ፣ ሾፌር። ገጠር ከታየም ሽጉጥ የታጠቀ ባላባትና ደም መላሽ ነው። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። ዙሪያው ሜዳ፣ ስንዴ፣ ደግሞም ሹገር ቢት የሚባለው ስኳር የሚወጣበት ሥር። መሀሉ ላይ መስጊድ፣ ሻይ ቤትና በሩ የተቆለፈ ትምህርት ቤት። በየግቢው ትራክተር። ሰዉ ለእንግዳ ሟች ነው፣ ገንዘብ ላይ ቆጣቢ ነው፣ ማን የት ሄደ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለውን ደግሞ አጥብቆ ይከታተላል። ይህ ጠባይ ከደም የመጣ አይደለም፣ ከሥራው ነው የመጣው ብዬ ነው የጻፍኩት። ስንዴ በበሬ ሲወቃ፣ ቦይ በጋራ ሲጠረግ፣ በረዶ መንገድ ሲዘጋ ያለ ጎረቤት መኖር አይቻልም ነበር። ሥራው ሲለወጥ ጠባዩም እየተለወጠ ነው። ሌላ ቦታ የኖራችሁ ምን ትላላችሁ ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 1 ኢዝሚር ከተማረች እህት መጣ። በትሕትና ነው ያረመችኝ። የቱርክ መንደር ተብሎ በአንድ ቃል የሚጠራ ነገር የለም አለች። በምዕራቡ በኤጅያን ባሕር በኩል ያለው ገበሬ ኑሮው ወይራ፣ በለስ፣ ጥጥና ወይን ነው። ጥቁር ባሕር በኩል ደግሞ አገሩ ቁልቁለት ስለሆነ ቤቶቹ ተበታትነው ነው የሚሠሩት። እያንዳንዱ ቤት በገዛ የሻይ ተክሉና በገዛ ሃዘልነቱ (የለውዝ ዓይነት ፍሬ ነው) መሀል ተቀምጧል። ጊሬሱን ውስጥ ኩሽኮይ በሚባል መንደር ሰዎቹ ከገደል ገደል በፉጨት ይነጋገራሉ፣ ዩኔስኮም በ2017 መዝግቦታል ብላ ጨመረች። እኔ ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። መሬቱና ሥራው ሰውን እንዴት እንደሚቀርጸው ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?

መልስ 2 ግብርና ያጠና ወንድም ነው። መሀል አናቶሊያ (ኮንያ ያለችበት የእስያው ቱርክ መሀል) ላይ ቤቶቹ ለምን ተጠጋግተው እንደሚሠሩ አስረዳ። ውሃ ያለው አንድ ቦታ ነው፣ ሰው እዚያ ይሰበሰባል፣ ማሳው ከመንደሩ ውጭ ይቀራል። ደግሞም የቅርብ ጊዜ ነገር አይደለም አለ። እዚያው ኮንያ ሜዳ ላይ፣ ቹምራ አጠገብ፣ ቻታልሆዩክ የሚባል ወደ 9 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የገበሬዎች ሰፈር በቁፋሮ ወጥቷል። ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው፣ ሰው በጣራ በኩል በመሰላል ነበር የሚገባው። ስንዴ የሚዘራበትን የዛሬውን ሜዳ ሲያዩ ይህን ማስታወስ ጥሩ ነው።

መልስ 3 አጭር ጥያቄ ነበር፦ መንደሩን የሚያስተዳድረው ማነው? መልስ 4 በሚገባ መለሰ። ሙህታር የሚባል አለ፣ እንደኛ የቀበሌ ሊቀመንበር ማለት ይቻላል፣ ግን በየ5 ዓመቱ ሰዉ ራሱ በድምፅ ይመርጠዋል፣ ፓርቲ ዕጩ አድርጎ አያቀርበውም። አብሮት የሽማግሌዎች ምክር ቤት አለ። መነሻው በ1924 የወጣው የመንደር ሕግ ነው። ሕጉ መንገድ መሥራትን፣ ውሃ መጠበቅን፣ መንደሩን ማጽዳትን የነዋሪው የጋራ ግዴታ አድርጎ በዝርዝር ይዘረዝራል። በ1933 ሴቶች ሙህታር የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ። በዚያው ዓመት አይዲን አውራጃ ውስጥ ጉል ኤሲን የተባለች ሴት የመጀመሪያዋ ሴት ሙህታር ሆና ተመረጠች። ዛሬም ግን ሴት ሙህታር ማግኘት ብርቅ ነው። ኢማሙ ደግሞ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፣ ቀጣሪው በ1924 የተቋቋመው ዲያነት የሚባለው የሃይማኖት ጉዳዮች መሥሪያ ቤት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም ነበርና ብዙ ምስጋና አገኘ።

መልስ 5 ላይ ነገሩ መሞቅ ጀመረ። የጻፈችው ቱርካዊ አግብታ አዳና አካባቢ አማቶቿ ጋር የኖረች እህት ናት። ወንዶች ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ሻይ ቤቱ ነው ብላ ተነሳች። ሻይ ቤቱ ወንዶች ተቀምጠው ካርታና ኦኬይ የሚባል የጠጠር ጨዋታ የሚጫወቱበት ቦታ ነው፣ ሴት አትገባም። ስለዚህ እንግዳ ሆኖ የሄደ ወንድ የመንደሩን ግማሽ ነው የሚያየው። ሌላው ግማሽ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ለብርዱ ወቅት ቂጣ የሚጋገርበትን ቀን ነገረችን። ጎረቤት ሴቶች ተራ ይዘው አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ። ሊጡ በሌሊት ይቦካል ብለን እንዳናስብ፣ እርሾ የለውም። አንዷ ሊጡን እያንከባለለች ትከፋፍላለች፣ ሁለቱ ዝቅ ባለ ክብ ገበታ ላይ በቀጭን ረጅም መዳመጫ ወረቀት እስኪመስል ያሳሱታል፣ አንዷ ደግሞ ጉብ ባለ ብረት ምጣድ ላይ እየገለበጠች ታበስላለች። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉልበት ይደነዝዛል። እስከ ማታ ድረስ ቂጣው ተደርቦ ተደርቦ ወገብ ይደርሳል። ደርቆ ለወራት ይቆያል። ሊበላ ሲል ውሃ ይረጩበትና በጨርቅ ይጠቀልሉታል፣ ይለሰልሳል። ቡልጉር የሚባለው ክክ ስንዴ የሚቀቀለው፣ ታርሃና የሚባለው የእርጎና የዱቄት ሾርባ የሚደርቀው፣ ቲማቲም ድልህ የሚሆነውም እንዲሁ በሴት እጅ ነው። ላሟንም የምታልበው እሷ ናት። መሬት ሲከፋፈል ግን በ1926 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ እኩል ትውረስ እያለ፣ በብዙ መንደር እህት ድርሻዋን ለወንድሞቿ ትተዋለች። የጠየቀች እንደሆነ በበዓል እንኳ የሚጠይቃት ታጣለች።

ይህ መልስ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የበለጠው ነው። ሐሳቤን አልሻረውም፣ ሥራው ሰውን ያቆራኛል የሚለውን እንዲያውም አጠንክሮታል። ጥያቄው ሥራው የማን ጫንቃ ላይ ነው የሚለው ነው።

መልስ 6 ተቃወማት። ትሬስ፣ ማለትም በአውሮፓ በኩል ባለው የቱርክ ክፍል የኖረ ልጅ ነው። እዚያ ሴቶች ወተቱንና እንቁላሉን ሸጠው ገንዘቡን ራሳቸው ይይዛሉ፣ በገበያ ቀንም ጠረጴዛ ዘርግተው የሚሸጡት እነሱ ናቸው አለ። እሷም በመልስ 7 የወተት ገንዘብና የመሬት ካርታ አንድ አይደሉም ብላ ዘጋችው። ትክክል ናት።

መልስ 8፣ 9 እና 10 ከርዕስ ወጡ። የትኛው ድራማ ላይ ገጠሩ በደንብ ታየ፣ የትኛው ተዋናይ የአማርኛ ድምፁ ይስማማዋል የሚል ጭቅጭቅ ነው። አላስቀምጠውም።

መልስ 11 ነገሩን ወደ ቦታው መለሰው። ፍራንክፈርት የሚኖሩ አባት ናቸው የጻፉት። ብዙ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ከቱርኮች ጋር ሠርተዋል። በ1961 ቱርክና ምዕራብ ጀርመን የሠራተኛ ስምምነት ፈረሙ፣ እስከ 1973 ድረስ ጀርመን በይፋ እየመለመለች ወሰደች፣ ከዚያ በር ዘጋች። አብሯቸው የሚሠራ ከዮዝጋት መንደር የመጣ ሰው ነበር። በየነሐሴው መኪናውን አስጭኖ በዩጎዝላቪያ በኩል ቀናት ነድቶ አገሩ ይገባል። ያጠራቀመውን ሁሉ አፍስሶ መንደሩ ላይ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሠራ፣ ለሦስት ልጆቹ አንድ አንድ ፎቅ። ልጆቹ እዚያው ጀርመን ወልደው ከብደው ቀሩ። ቤቱ ከነሐሴ እስከ ነሐሴ መስኮቱ ተዘግቶ ይቆያል። ሰውዬው ሲሞት አስከሬኑ በአውሮፕላን ተጭኖ መንደሩ ተቀበረ፣ ለዚህም ቀድሞ ገንዘብ ሲያዋጣ ኖሯል። እኚህ አባት ሰውዬውን ወንድሜ ነበር ነው ያሉት። ነሐሴ ላይ መንደሩ የጀርመን ታርጋ ባላቸው መኪኖች ሲጨናነቅ እኔም አይቻለሁ፣ ሰርጉ ሁሉ የሚደገሰውም በዚያን ጊዜ ነው። ከበሮና ዙርና የሚባል የሚነፋ መሣሪያ እስከ እኩለ ሌሊት።

መልስ 12 ወደ ጀርመን የሄደው ጥቂቱ ነው፣ ዋናው የሄደው ወደ ኢስታንቡል፣ አንካራና ኢዝሚር ነው ብሎ አረመ። በ1950 ከሕዝቡ ሦስት አራተኛው ገጠር ነበር። ከዚያ በኋላ ሰዉ እየነቀለ በከተማ ዳር በአንድ ሌሊት ጎጆ ቀልሶ መኖር ጀመረ። የአንድ መንደር ሰው አንድ ሰፈር ይሰፍራል፣ ማኅበር ያቋቁማል፣ ለቅሶና ሰርግ እዚያ ይገናኛል። ይህ እኛንም አይመለከተንም? የትውልድ አገር ተወላጆች ማኅበር አዲስ አበባም ዋሽንግተንም አለን።

መልስ 13 ቁጥር ስንጠቅስ እንድንጠነቀቅ ነገረን፣ ጥሩ አደረገ። በ2012 የገጠሩ ሕዝብ ድርሻ ወደ 23 በመቶ ነበር፣ በ2013 ወደ 9 በመቶ ወረደ። ማንም አልተሰደደም። በ2012 የወጣው ቁጥር 6360 የተባለ ሕግ ነው ይህን ያደረገው። በ30 ትልልቅ ከተሞች አውራጃ ውስጥ ያሉ ከ16 ሺህ በላይ መንደሮች የከተማ ሰፈር ተባሉ። ኮንያም ከእነዚህ አንዷ ናት። ላምና ትራክተር ያለው ገበሬ በወረቀት ከተሜ ሆነ። መንደሩ የራሱ የነበረው ንብረት ከእጁ ወጥቶ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወይም ወደ ሌላ የመንግሥት አካል ዞረ። መልስ 14 ግን ሙህታሩ አልጠፋም፣ አሁንም ይመረጣል፣ መልስ 4 ልክ ነው ብሎ ተቆጣ። 13ም እኔ ሙህታር ጠፋ መቼ አልኩ ብሎ መለሰ። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሙህታሩ አለ፣ በስሙ የሚያዝበት የመንደር ንብረት ግን የለውም። የጓደኛዬ አባት ያኔ በጣም ነው የተከፉት። አባቶቻችን በጋራ የሠሩት ውሃ ነው፣ አሁን ደረሰኝ ይመጣበታል ይሉ ነበር።

መልስ 16 እስኪ ሰፋ አድርጌ ላቅርበው (15 ቀልድ ስለነበር ዘልያለሁ)። የጻፈው ያ መልስ 2 ላይ የነበረው የግብርና ሰው ነው። ከትራክተር በፊት እህል የሚወቃው በሳንቃ ነበር። ሳንቃው ከሥሩ የባልጩት ድንጋይ ስለት ተሰክቶበታል። በሬ ወይም ፈረስ አውድማው ላይ በክብ ይጎትተዋል፣ ክብደት እንዲኖረው ሰው ይቆምበታል፣ ብዙ ጊዜ ሕፃናት ይቀመጡበታል። አናቶሊያ ውስጥ ዛሬ በእድሜ የገፋ ሰው ሁሉ ልጅነቱን ሲያወራ ይህን ሳያነሳ አያልፍም። ነፋስ እስኪመጣ ይጠበቃል፣ ገለባና ፍሬ ይለያል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፣ ቤተሰብ ብቻውን አይወጣውም፣ ስለዚህ እንደኛ ደቦ ይጠራራሉ። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ማገዶው ኩበት ነው፣ ኩበት መጠፍጠፉም የሴቶቹ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማርሻል የተባለው የአሜሪካ ዕርዳታ መጣ። በ1948 አገሪቱ ውስጥ የነበረው ትራክተር 2 ሺህ አይሞላም፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ከ40 ሺህ በላይ ሆነ። የግጦሽ መሬት ታረሰ። እኩል አራሽ የነበረው ድሃ አላስፈለገም፣ ጓዙን ጠቅልሎ ከተማ ገባ። የዛሬው ደግሞ ኮምባይነር ነው። የኮምባይነር ባለቤቶች ግንቦት መጨረሻ ላይ በደቡብ አዳና አካባቢ ባለው ቹኩሮቫ ሜዳ ይጀምሩና እህሉ በደረሰበት አቅጣጫ እየተከተሉ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ይወጣሉ። ኮንያ ሐምሌ ላይ ይደርሳሉ። አንድ ቤተሰብ ሳምንታት የሚለፋበትን ማሳ በጥቂት ሰዓት ጨርሰው ይሄዳሉ።

እንግዲህ የኔ ነጥብ ይህ ነበር። ኮምባይነሩ ማሳውን አጭዶ ሲሄድ ጎረቤት ለመጥራት ምክንያት አይቀርም። ጓደኛዬ አጎቱ ከአጠገቡ ያለውን ባለማሳ ሳያናግር ወቅት እንደሚያልፍ ነግሮኛል። በድሮ ጊዜ የተኳረፈ ሰው አውድማ ላይ ይታረቅ ነበር፣ ግድ ስለሆነ።

መልስ 17 ግን አልተስማማም፣ በጨዋ አነጋገር ነው። ማላቲያ የተማረ ልጅ ነው፣ የአፕሪኮት አገር። የጋራ ሥራው ከማሳ ወጣ እንጂ አልጠፋም ባይ ነው። ሰው ሲሞት በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ሰላ የሚባል ጸሎት ይነበባል፣ ስሙ ይጠራል። መቃብሩን የሚቆፍሩት የመንደሩ ወንዶች ናቸው። ሐዘን ቤት ለቀናት እሳት አይነድም፣ ጎረቤት በትሪ ምግብ ያመላልሳል። በየካቲት 6 ቀን 2023 የመሬት መንቀጥቀጡ ሲደርስ፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ያለቀበት፣ በረዶ መንገድ የዘጋባቸው መንደሮች አሉ። እዚያ ከፍርስራሽ ሥር ሰው ያወጣው ጎረቤት ነው፣ በእጁና በአካፋ። ሌላ ማንም ሳይደርስ። የጻፈው ልጅ አብሮት የሚማር ጓደኛውን በዚያ አጥቷል። ከሥሩ ብዙ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጽፏል። እኔም ጽፌያለሁ።

መልስ 18 አንዲት እህት ናት፣ ስለ እንግዳ አቀባበል ሁለት ነገር ነገረችን። መጀመሪያ ደጉን። በዐቢይ ጾም ቱርካዊት ጓደኛዋ ቤት ሄደች። አሮጊቷ እናት እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ የተቀባ ቂጣ ደረደሩላት። አልበላም ስትል ተጨነቁ፣ ምን አስቀየምናት አሉ። ጾም መሆኑ ሲነገራቸው ተነስተው በወይራ ዘይት የተሠራ ባቄላ፣ ቡልጉርና ሽምብራ አቀረቡ። ከዚያ በኋላ በሄደች ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቋት ጾም ነው ወይ የሚለውን ሆነ። ሻዩን በቃኝ ለማለትም ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ ማጋደም እንዳለባት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፣ አለዚያ መቅዳት አያቆሙም። ሁለተኛው ደግሞ የከፋው። መንገድ ላይ ሕፃናት ይከተሏታል፣ ትልልቆቹም ሳይጠይቁ ፀጉሯን ይነካሉ፣ ቆመው ያፈጡባታል። መልስ 19 የዋህነት ነው፣ ጥቁር ሰው አይተው ስለማያውቁ ነው አለ። መልስ 20 ላይ አንድ ሰው ተቆጣ፣ አለማወቅ ምክንያት ሆኖ እስከ መቼ ይቆጠራል አለ። ከ21 እስከ 24 ስድብ ቀረሽ ክርክር ነው። እኔ የምለው፣ ባለማወቅ የተደረገም ቢሆን የሚያም ነገር ያማል። የደረሰባት እሷ ስለሆነች ስሜቷን የምትለካልን እሷ ናት።

መልስ 25 ክሩን ሁሉ ያስደነገጠ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ሻንሊኡርፋ (ባጭሩ ኡርፋ) የተማረ ወንድም ጻፈው። እንግዳ ተቀባይነት የምትሉት ለሁሉም እንግዳ አይደለም ብሎ ጀመረ። በየዓመቱ ከኡርፋና ከአዲያማን ብዙ ቤተሰብ፣ አብዛኛው ኩርድና ዓረብ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ሌላ አውራጃ ለሥራ ይሄዳል። ሹገር ቢት ኩትኳቶ፣ ጥጥ ለቀማ፣ ነሐሴ ላይ ጥቁር ባሕር ሃዘልነት ለቀማ፣ ያ ቱርክ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ የምታቀርበው። ከ2011 ወዲህ የሶርያ ስደተኛ ተጨመረ፣ በጉን የሚጠብቀው እረኛ ደግሞ በብዙ ቦታ አፍጋናዊ ነው። የሚኖሩት ከመንደሩ ውጭ ቦይ ዳር በላስቲክ ድንኳን ነው። ደላላው ከደመወዛቸው ይቆርጣል። ልጆቹ ትምህርት ሳይዘጋ ወጥተው ከተከፈተ በኋላ ይመለሳሉ። እነዚህ ሰዎች ሻይ ቤት ገብተው ተቀምጠው አያውቁም አለ።

መልስ 26 በቁጣ ተነሳበት። ገበሬው ራሱ የባንክ ዕዳ አለበት፣ የናፍጣና የማዳበሪያ ዋጋ አንገቱን ይዞታል፣ ጨቋኝ አታድርገው አለ። 27 ዕዳ ያለበት ሰው የሌላ ሰው ልጅ ድንኳን ውስጥ ይደር አይልም ብሎ መለሰ። 28 ሁለቱንም ተረጋጉ አለ። እኔ ከ25 ጋር ነኝ። ጓደኛዬ መንደርም ድንኳኖቹ ነበሩ፣ ከመንገዱ ይታያሉ። ገበሬው መቸገሩ እውነት ነው፣ አይቻለሁ፣ ግን ያ ሕፃን ቦይ ውሃ የሚጠጣበትን ምክንያት አያስረዳም። እዚህ ላይ የኔው ሐሳብ ይሠራል ብዬ አምናለሁ። ሥራን የሚጋሩት ጎረቤት ይሆናሉ፣ ሥራን የሚገዛና የሚሸጥ ግን በገንዘቡ ነው የሚተዋወቀው።

መልስ 29 ካንጋል ስለሚባለው የመንጋ ጠባቂ ውሻ ጠየቀ፣ እውነት አንበሳ ያክላል ወይ ብሎ። 30 የሲቫስ ዘር ነው፣ ተኩላ ጉሮሮውን እንዳይዘው የሾለ ብረት ያለበት የአንገት ማሰሪያ ያደርጉለታል አለ። መንጋ አጠገብ በእግር አትለፉ፣ እረኛውን በሩቁ ጥሩት ብሎ መከረ። ይህን ምክር ያዙት።

መልስ 31 የትምህርት ቤቱን ነገር አነሳ። መምህር የሆኑ ሰው ይመስሉኛል፣ አጻጻፋቸው ያስታውቃል። ከ1940 እስከ 1954 የመንደር ኢንስቲትዩት የሚባሉ 21 ትምህርት ቤቶች ነበሩ። የገበሬ ልጆች ይገባሉ፣ ሕንፃውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ ከንባብና ሒሳብ ጋር እርሻ፣ አናጢነት፣ ማንዶሊን ይማራሉ። ሲጨርሱ ወደ መንደር ተመልሰው ያስተምራሉ። ሴቶችም ይማሩ ነበር። አንዱ እዚያው ኮንያ አውራጃ ኤሬሊ አጠገብ ኢቭሪዝ ነበር። ኮሚኒስት ታፈራላችሁ ተብለው ተወነጀሉ፣ ባለ ትልልቅ መሬቶቹም አልወደዷቸውም፣ በመጨረሻ ከተራ መምህራን ማሠልጠኛ ጋር ተቀላቅለው ጠፉ። ዛሬ ደግሞ ልጅ ስላነሰ የመንደር ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ፣ ተማሪው በሚኒባስ ወደ ሌላ ቦታ ይመላለሳል። ጓደኛዬ መንደር በሩ ተቆልፎ ያየሁት ትምህርት ቤት ታሪኩ ይኸው ነው። ግድግዳው ላይ የአታቱርክ ምስል አሁንም አለ፣ ግቢውን ለትራክተር ተጎታች ማቆሚያ አድርገውታል።

መልስ 32 የስኮላርሺፕ ጥያቄ ነው። ለዚያ ሌላ ክር አለ፣ ወንድሜ።

መልስ 33 የኮንያ ውሃ ጉዳይ ነው። ያ የግብርና ሰው ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ሜዳው በዓመት የሚያገኘው ዝናብ ከ300 ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። ሹገር ቢትና በቆሎ ደግሞ ውሃ ጠጪ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ፈቃድ ያለውም የሌለውም። የከርሰ ምድሩ ውሃ እየሸሸ ነው። ካራፒናር በኩል መሬቱ ድንገት ተደርምሶ ግዙፍ ክብ ጉድጓድ ይሆናል፣ በመቶዎች ይቆጠራሉ። ሜኬ የተባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ደርቋል። ጉድጓዱ ማሳ መሀል ሲከፈት ገበሬው ዙሪያውን ገመድ አጥሮ የቀረውን ያርሳል አለ፣ ሌላ የሚሄድበት የለውም። መልስ 34 ለምን ሹገር ቢቱን አይተዉትም ብሎ ጠየቀ። 35 የተሻለ የሚከፍላቸው ሰብል ስጡዋቸውና ይተዉታል አለ። ስለታም አነጋገር ነው፣ ግን ሀቅ ነው።

መልስ 36 እዚያው ያለች ተማሪ ናት። የመንደር ወጣቶች ሚስት አጥተዋል አለች። ሴት ልጅ ከተማ መማር ከጀመረች በኋላ ላም ማለብ፣ አማት ቤት መግባት አትፈልግም። እናቶች ራሳቸው ልጃቸውን ለገበሬ መዳር አይሹም፣ የሠሩትን ያውቃሉና። ይህን ሳነብ መልስ 5ን ያላነበበ ሰው ተመልሶ ያንብብ አልኩ። 5ም መጥታ በመልስ 37 ልጅቷ ምን አጠፋች ብላ ጽፋለች።

የመጨረሻው መልስ 38 ለእኔ የቀረበ ጥያቄ ነው፦ ጓደኛህ ከተማ ከቀረ ያን መሬት ማን ያርሳል? ልመልስ። ታላቅ ወንድሙ ነው የሚያርሰው። የራሳቸው ጥቂት ነው፣ የቀረውን ከሄዱት ጎረቤቶች በኪራይ ይይዛል። ችግሩ አንዱ ማሳ አያቱ ከሞቱ ጀምሮ በወራሾች ስም ነው ያለው፣ ከወራሾቹ አንዱ ኢስታንቡል፣ ሁለቱ ኮሎኝ፣ አንዷ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። መሬት ከተወሰነ መጠን በታች እንዳይቆራረስ የሚከለክል ሕግ በ2014 ወጥቷል፣ ግን አንድ ሰው ጠቅልሎ እንዲገዛ የሁሉም ፊርማ ያስፈልጋል፣ ያለዚያ ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ሰዎቹ ለሰርግ ሲመጡ ወረቀቱን ይዞ ከቤት ቤት ይዞራል። ባለፈው ያወራሁት ጊዜ አንድ ፊርማ ቀርቶት ነበር፣ ከውሃ ጉድጓዱ ርቆ ያለውን ማሳ ደግሞ ከሹገር ቢት ወደ ሽምብራ ቀይሮታል።

ካርስ ወይም ኤርዙሩም የኖራችሁ ካላችሁ ስለ ከብት እርባታው ጻፉልን፣ ከዚያ በኩል እስካሁን ማንም አልጻፈም።